አልሰማችም

«ወይ መርዶዋን ንገሯት፣ ወይ የጆሮ ማዳመጫ ግዙላት» አለች አከራይዋ እትዬ እናትነሽ፣ ቅዳሜ ጠዋት ግቢው መሀል ቆማ። ድምጿን ዝቅ አላደረገችም፤ ማድረግም አላስፈለጋትም። መርዶ የሚነገራት ሴት፣ ለተሥላሴ፣ ከእሷ ሦስት እርምጃ ርቃ፣ ግድግዳ ተደግፋ ፀሐይ እየሞቀች ምስር ትለቅማለች፤ ጆሮዋ ከከዳት ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ልጇ ሰርካለም እናቷንና አከራይዋን ተራ በተራ አየች። «አሥር ወር ሙሉ የሞተ ሰው ድምፅ በግቢዬ ሲጮኽ ችያለሁ» ቀጠለች እትዬ እናትነሽ። «አሁን ግን የዳር ክፍሏ ተከራይ ነፍሰ ጡር ናት። ትናንት ‹እትዬ፣ ያ ልጅ ዛሬም አወራ› ብላ እየተንቀጠቀጠች መጣችብኝ። እስከ ማታ መላ ካላበጃችሁ፣ ማርያምን፣ እኔው እነግራታለሁ!» ለተሥላሴ ከሰፌዱ ቀና አለች። «ምን አለች?» ስትል ጠየቀች፣ ጆሮው እንደከዳው ሰው ሁሉ እየጮኸች። ሰርካለም ውሸት ከመፈለጓ በፊት እትዬ እናትነሽ ሁለት እጇን በሁለት ጆሮዋ ላይ ደፍታ «ማዳመጫ! ልጅዎ ማዳመጫ ልትገዛልዎት ነው!» ብላ ቀደመቻት። የለተሥላሴ ፊት በራ። «ኧረ እሰይ! እንግዲያ ደግሰውን ራሱን ልሰማው ነዋ!»

ደግሰው የሰርካለም ታናሽ ነው። የዛሬ ዓመት ኅዳር ከጽጽቃ ማዶ ካለችው መንደራቸው ተነሥቶ፣ በጅቡቲና በየመን አድርጎ ሳውዲ እገባለሁ ብሎ ወጣ፤ ጥር መጨረሻ ላይ ድንበሩ ጋ ቀረ። አብሮት የነበረ ልጅ ለአጎታቸው ለወንዳወቅ ደውሎ ነገረው፤ ወንዳወቅ ለዘመድ፣ ዘመድ ለአገር። በዚህ አገር «አልሰማችም» ሲባል ሁለት ነገር ነው፤ አንድም ጆሮዋ አይሰማም፣ አንድም ሰው ሞቶባት ገና አልተነገራትም። ለተሥላሴ በሁለቱም አልሰማችም። መርዶ ደግሞ እንዲሁ ዘው ተብሎ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የነፍስ አባት ተይዞ፣ በማለዳ ነው። ወንዳወቅ የመርዶው ሰብሳቢ ሆነ። መጀመሪያ ሁዳዴ ገባ፤ በጾም የደከመ ሰውነት መርዶ አይችልም ተባለ። ቀጥሎ፣ ፋሲካን በደስታ ትዋል ተባለ። ክረምት ሲመጣ ከአበርገሌ የሚወጡት ዘመዶች መንገዱ ተቆረጠባቸው፤ እነሱ በሌሉበት ቢነገር ደግሞ የሰባት ቤት ቅያሜ ነው። ከዚያ አዝመራ ደረሰ። አሁን የተቆረጠው ቀን ከገና ቀጥሎ ያለው ሳምንት ሲሆን፣ የወረዳ ድልድይ እንኳ እንዲህ አልተንከባለለም። እሷ ግን ገና ከመጀመሪያው፣ መንደር ውስጥ ብትቀመጥ አንዱ ጠጥቶ ያመልጠዋል ተብሎ፣ «ለጆሮ ሕክምና» በሚል ሰቆጣ ሰርካለም ቤት መጣች። ሐኪሙ «ዕድሜ ነው» ብሎ በአሥር ደቂቃ ሸኛት፤ ሕክምናው ግን በወንዳወቅ ትእዛዝ እስካሁን አላለቀም።

ደግሰው በመንገድ ላይ ሳለ በኢሞ የላካቸው ሰባት የድምፅ መልእክቶች የሰርካለም ስልክ ላይ አሉ። እናቱ «ልጄ ላከ ወይ?» ባለች ቁጥር ሰርካለም ከሰባቱ አንዱን ድምፁን እስከ ጥግ ከፍታ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትለጥፍላታለች። ለተሥላሴ ጋ የሚደርሰው ዜማው ነው እንጂ ቃሉ አይደለም። «ምን አለ?» ትላለች። ሰርካለም ትነግራታለች። በመጀመሪያዎቹ ወራት «ደህና ነኝ ይላል» ብቻ ነበር። ነገር ግን ሰው አሥር ወር ሙሉ ደህና ነኝ ብቻ አይልም፤ ያስጠረጥራል። ስለዚህ በግንቦት ሥራ አስገባችው፤ ፍየል ጠባቂ። በሐምሌ የግቢ ዘበኛ አደረገችው። ለመስቀል መኪና ሰጠችውና ሾፌር ሆነ። ደግሰው ከሞተ በኋላ ሁለት ጊዜ እድገት አግኝቷል፤ እሷ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት በስድስት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ እድገት ያገኘ ጸሐፊ የለም። ያስፈራት ግን ውሸቱ አልነበረም። ያስፈራት፣ አንዳንድ ቀን ቢሮ ቁጭ ብላ ቀጥሎ ምን እንደሚል ስታስብ፣ እውነት ወሬው የሚመጣላት ይመስል ልቧ መምታት መጀመሩ ነው። በቀደም «ጌታው ወደደኝ ይላል» ብላ ለእናቷ ስትነግር፣ ከእናቷ ቀድሞ የራሷ ዓይን እንባ አቀረረ፤ የደስታ እንባ።

አሁን ማዳመጫ ተገዛ ማለት ቃሉ ተሰማ ማለት ነው። በአራተኛው መልእክት ላይ «እንኳን ለጥምቀት አደረሰሽ» ይላል፤ አሁን ኅዳር ነው፤ ኅዳር ላይ ጥምቀት የለም። በአንዱም ላይ መኪና የለም። ሰርካለም ከግቢው ወጥታ፣ ኮብልስቶኑ ከሚያልቅበት ቦታ ቆማ፣ ለወንዳወቅ ደወለች።

«ግዢላት» አለ ወንዳወቅ፣ በጥሞና ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ። «አከራይ መርዶ ነገረቻት ከሚባል ሞት ይሻላል። ብቻ ጥሩ እንዳይሆን።»

«አጎቴ፣ ጥሩ ያልሆነ ምን ዓይነት ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄው ልጄ። ድምፁ መጣ እንዲባል፣ ነገሩ ግን እንዳይለይ። እንደ ክረምት ሬዲዮ። እንዲያ ያለ አይጠፋም፤ ሰቆጣ ነው እኮ ያለሽ።»

ሰቆጣ ውስጥ ግን በዚያ ቀን ጠፋባት። ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ባለው መንገድ ላይ የስልክ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች እንደ ጥርስ ተደርድረዋል፤ ሁሉም በር ላይ የተከፈተ ድምፅ ማጉያ አለ፤ ባጃጁ ከማጉያው፣ ማጉያው ከመዝሙሩ ይፎካከራል። የመጀመሪያው ሱቅ ባለቤት ማዳመጫ ስትለው አምስት ዓይነት ዘረገፈና «ሁሉም ኦሪጅናል ነው» አላት። ኦሪጅናል ያልሆነውን ጠየቀችው። ሳቀ፤ የቀለደች መስሎት። ሁለተኛው አልሳቀም። «የኔ እህት፣ ከየት ተልከሽ ነው?» አለና የለበሰችውን የቢሮ ኮት ከላይ እስከ ታች ገረመመው። «ከማንም አልተላክሁም።» «እኛ ጋ ፌክ የሚባል ገብቶ አያውቅም» አለ፤ ይህን እያለ በአንድ እጁ ሁለት ካርቶን ከመደርደሪያው አውርዶ በእግሩ ከጠረጴዛው ሥር ገፋቸው። ሦስተኛው ሱቅ ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ደርሶ ነበር መሰለኝ፣ ባለቤቱ ገና ሳትጠይቀው «ደረሰኝ እንቆርጣለን» አላት። ዓመት እስከ ዓመት ሰው ሁሉ ውሽልሽል ሸጡልን እያለ ሲያማርር በሚኖርበት ከተማ፣ አንድ ውሽልሽል ማዳመጫ በገንዘቧ መግዛት አቃታት።

አራተኛው ሱቅ የምንዋጋው ነው፤ ከመናኸሪያው ትይዩ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም። እናቱ ስሙን ስታወጣለት ነጋዴ እንደሚሆን አውቃ ይሁን አይታወቅም፤ ሰው በሩ ላይ ቆሞ «ምን ዋጋው?» ሲል እሱ «አቤት» ይላል። ቀልዱ ካረጀ ቆይቷል፤ እሱን ግን እስካሁን አልሰለቸውም። ሰርካለም ማዳመጫ ለእናቷ እንደሆነ ስትነግረው ወንበር ሳበላትና «ለምን አገልግሎት? ለመዝሙር ነው፣ ለስልክ ነው?» አለ። «ለየዕለቱ» አለችው። ሦስት ዓይነት አወጣ። ጆሮ ውስጥ የምትሰካውን ትንሿን ስምንት መቶ ሃምሳ ብር አላትና ራሱ መልሶ ከደናት፤ «ይቺ ለእናት አትሆንም። ባለፈው አንዷ እናት ከጆሯቸው ወድቃ ጥጃ ዋጠባቸው። ጥጃው ሦስት ቀን ብሉቱዝ ሆኖ ከረመ።» አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ስድስት መቶ ነው። ጆሮውን በሙሉ የሚሸፍነው፣ ጥቁሩ፣ ትልቁ፣ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ።

«ከነዚህ መጥፎው የቱ ነው?» አለች ሰርካለም።

ምንዋጋው በር በሩን አየ። ማጉያውን ቀነሰ። ለነፍስ አባቱ እንደሚናዘዝ ሰው አንገቱን ሰብሮ «እውነቱን ነው የምትፈልጊው?» አላት። «አንገት ላይ የሚውለው። ሦስት ሰው መልሶብኛል።» ሰርካለም ልታቅፈው ምንም አልቀራትም። «እሱን ነው የምፈልገው» አለችው። ምንዋጋው በሕይወቱ ብዙ ገዢ አይቷል፤ እንዲህ ያለ ግን አላየም። «እንግዲያ ከመግዛትሽ በፊት ስሚው፣ ኋላ በኔ እንዳትፈርጂ» ብሎ ከስልኳ ጋር አገናኘላትና ጆሮዋ ውስጥ ከተተላት።

አራተኛውን መልእክት ከፈተች። የመጣው ድምፅ ሬዲዮ አይመስልም ነበር። ደግሰው አፈር ተመልሶበት ከሥር የሚናገር ይመስል ነበር። ቃሉ አይለይም፤ አፉ የተሞላ ነው፤ አንዳንዴ ይቆረጥና ዝም ይላል፤ እንደገና ሲመጣ ከቀድሞው በታች ዝቅ ብሎ፣ ርቆ ይመጣል። አሥር ወር ሙሉ መኪና ያስነዳችው ልጅ ከጉድጓድ ውስጥ ይጣራ ነበር። ሰርካለም ሽቦውን ከጆሮዋ ነጥቃ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ምንዋጋው የዕቃው ነውር መስሎት አፈረ። «ብዬሽ ነበር እኮ» አለ። «እስቲ ደግሞ በዚህ ስሚ። መግዛቱን ተይው፤ ልዩነቱን ፍረጂ ብቻ።» ትልቁን አንስቶ ፀጉሯ ላይ ደፋላት። የመንገዱ ጫጫታ፣ ባጃጁ፣ መናኸሪያው ውስጥ «ወልድያ! ወልድያ!» የሚለው ጥሪ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጠፋ። ከዚያ ደግሰው ተነፈሰ። መጀመሪያ የሰማችው ትንፋሹን ነው፤ ቃል ከመጀመሩ በፊት ምራቁን ሲውጥ። «እማ፣ እንኳን ለጥምቀት አደረሰሽ። ደህና ነኝ። ክፍል ይዘናል፣ ምግቡም ጥሩ ነው።» ክፍል በሚለው ቃል ሥር ንፋስ ይነፍሳል፤ ሜዳ ላይ የሚነፍስ ንፋስ፣ ላስቲክ የሚያንቀጫቅጭ። ሳለ። ሳሉን ለመደበቅ ሳቀ። ስንብቱን ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ፣ ስልኩን ሳያጠፋ፣ አጠገቡ ላለ ሰው በሹክሹክታ «ይበቃል» አለ፤ «ከዚህ በላይ ካወራሁ ታውቅብኛለች።» ይህን መልእክት መቶ ጊዜ ሰምታዋለች። ይህን ቃል አንድም ጊዜ ሰምታ አታውቅም።

ምንዋጋው ጥራቱን ለማረጋገጥ በአንዱ በኩል ጆሮውን አስጠግቶ ነበር። «ወንድምሽ ነው? ድምፁ ሲያምር። የት ነው ያለ?»

«ሳውዲ።»

«ምን ይሠራል?»

«ሾፌር ነው» አለች። አፏ ለምዶታል።

«ታዲያ እሱ ለምን አይልክላትም? ኦሪጅናሉ እኮ እዚያ ነው ያለ።»

«ይልካል» አለች ሰርካለም። «የሚመጣ ሰው አጥቶ ነው።»

ምንዋጋው የአንገቱን ማዳመጫ በፌስታል ጠቅልሎ ዘረጋላት። እጇን አልዘረጋችም። አጎቷ ያለው፣ እሷም ጠዋት ሙሉ ስትፈልገው የዋለችው ዕቃ ይኸው ፊቷ ነው፤ ነገሩ የማይለይበት። ይህን ወስዳ የእናቷ ጆሮ ላይ ብታደርገው ለተሥላሴ የምትሰማው ልጇ እንዴት እንደሞተ ነው። በትልቁ ብታሰማት ደግሞ የምትሰማው ልጇ በሕይወት እንዳለ ነው፤ ቃሉ ስለሚለይ ግን እውነቱን የምታውቀውም ያኔ ነው። «ትልቁን ስጠኝ» አለች። «መጥፎውን አልነበር የፈለግሽው?» «ትልቁን።» ምንዋጋው ሳትከራከረው ራሱ መቶ ሃምሳ ብር ቀነሰላት፤ ለምን እንደቀነሰ ራሱም አላወቀም። ባጃጅ ውስጥ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ የስልኬን ድምፅ ከግማሽ በታች አደርገዋለሁ፣ ጥምቀት ሲል ቶሎ አሳልፋለሁ፣ እያለች ለራሷ ማለች።

ቤት ስትደርስ ለተሥላሴ ታጥባ፣ ንጹሕ ነጠላ ለብሳ፣ እንግዳ እንደሚመጣበት ሰው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ሻሿን ከጆሮዋ ላይ አሸሽታለች። እትዬ እናትነሽ ሥራው በትክክል መፈጸሙን ልትቆጣጠር በሩን ተደግፋ ቆመች። ሰርካለም ድምፁን ቀንሳ፣ ትልቁን ማዳመጫ እናቷ ራስ ላይ ደፋችና የመጀመሪያውን መልእክት ከፈተች። ለተሥላሴ ጥቁሩን ነገር ዙሪያውን በጣቷ ዳሰሰች፤ ሽበቷን እንደምትነካ ሁሉ ቀስ ብላ። ጎኑ ላይ እብጠት አገኘች። ተጫነችው። ደግማ ተጫነችው። ማንም አላሳያትም፤ ሰርካለምም የድምፅ መጨመሪያ ቁልፍ እንዳለው አላወቀችም ነበር። «ውይ! ውይ ልጄ!» ብላ ጮኸች ለተሥላሴ። «ጉንጬ ላይ ነው ያለ! ትንፋሹ!» ክፍሉ ውስጥ ግን ምንም አልተሰማም። «ተመስገን» አለች እትዬ እናትነሽ፣ ግቢዋን ወደኋላ ዞር ብላ እያየች። «ይኼን ያህል ቀላል ነበር እኮ።» ሄደች።

ለተሥላሴ በጣቷ ቀጥዪ አለች። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ሰርካለም ሰባቱንም በቃሏ ስለምታውቃቸው ዝም ባለው ክፍል ውስጥ ድምፁን በእናቷ ፊት ላይ ትከተለው ጀመር፤ አሁን ሰላም አለ፣ አሁን ስለ በሬው ጠየቀ፣ አሁን ሳቀ። እናቷም ሳቀች። አራተኛው ላይ ለማሳለፍ ጣቷን ስታነሣ ለተሥላሴ እጇን ያዘቻት፤ ጠበቅ አድርጋ ሳይሆን እንደ ዋዛ፣ ሰው ልጅ አጠገቡ ሲቀመጥ እንደሚይዘው። አሁን ጥምቀት አለ። አሁን ንፋሱ። አሁን ሳሉ። የለተሥላሴ ሌላ እጅ ጉልበቷ ላይ ቆሞ ቀረ። ሹክሹክታው ባለበት ቦታ ከንፈሯ ራሱ ተንቀሳቀሰ። አምስተኛው፣ ስድስተኛው። ሰባተኛው አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። አለቀ። ማዳመጫውን አላወለቀችውም። ከውጭ የእትዬ እናትነሽ ዶሮዎች ይሰማሉ፤ የጎረቤት ውኃ ጀሪካን ውስጥ ይንቆረቆራል።

«መኪናው የታለ?» አለች ለተሥላሴ።

በኽምጣንጋ ነው ያለችው፤ ወልድያ ተወልዳ ያደገችው አከራይ በማታውቀው የመንደራቸው ቋንቋ። ደግሞም ቀስ ብላ። ጆሮዋ ከከዳት ወዲህ ሰርካለም እናቷን እንዲህ ዝቅ ባለ ድምፅ ስትናገር ሰምታት አታውቅም። «ሾፌር ነው ያልሽኝ። መኪና እሰማለሁ ብዬ ጠበቅሁ። ንፋስ ነው ያለው። ጥምቀት ይላል፤ አሁን ጥምቀት ነው?» ሰርካለም ወለሉን አየች። ለተሥላሴ ማዳመጫውን በአንድ በኩል ከፍ አድርጋ፣ ጆሮዋን ገልጣ፣ ወደ ልጇ አፍ አስጠጋች። «መቼ ነው?»

«ጥር» አለች ሰርካለም፣ አፏን ጆሮዋ ላይ አድርጋ። «ጥር መጨረሻ።»

«ማን ያውቃል?»

«ሁሉም።»

«ወንዳወቅም?»

«እሱ ነው ቀን የቆረጠው። ከገና ቀጥሎ ላለው ሳምንት። አገር ጠርቷል፤ ከአበርገሌም ይመጣሉ፣ የነፍስ አባትሽም ይመጣሉ።» ይህን ስትል ለእናቷ መርዶ ሳይሆን የሠርግ ዝግጅት የምትነግራት መሰላት፤ አፈረች። ለተሥላሴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ትከሻዋ ሦስት ጊዜ ተነሣ፤ ሰርካለም ጩኸቱ መጣ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። አልመጣም። ዓይኗን ስትገልጥ እናቷ ነጠላውን ከአፏ አውርዳ፣ ጥርስ የነከሰውን ቦታ በመዳፏ ታለሰልስ ነበር። «ወንድሜ ድሮም ሥርዓት ይወዳል» አለች። «ይህን ሁሉ ሰው ጠርቶ፣ ደርሰው ‹ሰምታለች እኮ› ቢሉት በአገር ፊት ያፍራል። አንቺም ‹ልጂቱ አፏ አላስቻላት› ትባያለሽ። ተይው። እኔ አልሰማሁም።»

«እማ...»

«አልሰማሁም አልሁሽ።»

«እትዬ ለተሥላሴ!» ስትል ተጣራች እትዬ እናትነሽ ከግቢው። «ተሰማዎት ወይ? ምን አለ ልጅዎ?»

ለተሥላሴ ቀና አለች። ጉሮሮዋን ጠራረገች። እንደ ወትሮዋ፣ እንደ ደንቆሮ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማት ጮኸች፦ «ደህና ነኝ ይላል!» ከዚያ እትዬ እናትነሽ «እሰይ፣ ይመስገነው» አለችና የዶሮዎቹን ጥሬ መበተን ቀጠለች።

ለተሥላሴ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ መልሳ አደላደለችው፤ ግን ክፈቺልኝ አላለችም። ዓይኗን በክፍሉ ውስጥ ታዞር ጀመር፤ ከበሩ እስከ አልጋው፣ ከአልጋው እስከ ግድግዳው፣ አዲስ ቤት እንደምትከራይ ሰው እየለካች። አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ጀሪካን፣ ጥግ ላይ የሰርካለም የብረት የልብስ ሣጥን። «ለመርዶው ሲመጡ የት ነው የሚያስቀምጡኝ?» አለች።

ሰርካለም አፏን ጆሮዋ ጋ አላደረሰችም። በእጇ ብቻ ወለሉን፣ ከበሩ ፊት ለፊት ያለውን ቦታ አሳየቻት።

«እንግዲያ ያን ሣጥን ከዚያ አንሽው» አለች ለተሥላሴ። «ስወድቅ ብረቱ ጎኔን ይመታኛል።»

ሰርካለም ተነሣች። ሣጥኑን በሁለት እጇ ይዛ ገፋችው፤ ሲሚንቶው ላይ ተንቋቋ።

«ትንሽ ጨምሪ» አለች እናቷ።